የድሮ መልክ ያለው የሙዚቃ ክሊፕ በስልክ መሥራት፦ ለጅማ ተማሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ብዙ የተማሪ ክሊፖች የሚወድቁት በአንድ መንገድ ነው። ካሜራው በእጅ ተይዞ ይሯሯጣል፣ ከዘፋኙ ኋላ ባጃጅ ያልፋል፣ ከንፈሩና ድምፁ አይገናኝም፤ በመጨረሻ ኤዲት ላይ የቪኤችኤስ (የድሮ ቪዲዮ ካሴት) ፊልተር ይለጠፍበታል። ፊልተር ግን ክሊፕን የድሮ አያደርግም። የድሮ መልክ የሚመጣው ካሜራው ፊት ከሚቆመው ነገር፣ ከካሜራው እርጋታና ከዘፋኙ ከንፈር ልክነት ነው። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች ግማሽ ያህሉ የሚሠሩት ስልኩ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ነው። አትዝለሏቸው።

ደረጃ 1፦ አንድ ዘመን ብቻ ምረጡ

«ድሮ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ከሁለቱ አንዱን ያዙ (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)።

*የ1960ዎቹ መልክ።* ቴሌቪዥናችን ጥቁርና ነጭ የነበረበት ዘመን ነው። መጋረጃ፣ የቆመ ማይክ፣ ሱፍ ልብስ፣ ቀጭን ክራቫት፣ ከኋላ የተሰለፉ ሙዚቀኞች፣ የማይንቀሳቀስ ካሜራ። ሁሉም ቤት ውስጥ ስለሚቀረጽ ለክረምት የሚመቸው ይህ ነው።

*የ1980ዎቹ መልክ።* የካሴትና የቪዲዮ ዴክ ዘመን። ሜዳ፣ አበባ፣ በረድፍ የቆሙ ተወዛዋዦች፣ ቀስ ያለ ዙም፣ የዘፋኙ ፊት በመልክዓ ምድር ላይ ተደርቦ የሚታይበት። አረንጓዴ በማይጠፋበት በጅማ ዙሪያ ይህኛው በትንሽ ወጪ ያምራል።

ሁለቱን አትቀላቅሉ። ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ በቪኤችኤስ ግርፋት የሚታይ ጥቁርና ነጭ ዘፋኝ ከየትኛውም ዘመን አይደለም።

ደረጃ 2፦ ዘፈኑንና ፈቃዱን ጨርሱ

ቀረጻ የሚጀመረው የዘፈኑ የመጨረሻ ሚክስ (ድምፁ ሁሉ ተዋህዶ ያለቀለት ቅጂ) ካለቀ በኋላ ነው። ከቀረጻ በኋላ ቅንብሩ ትንሽ እንኳ ቢፈጥን የቀረጻችሁት ከንፈር ሁሉ ይበላሻል።

የሌላ ሰው ዘፈን ከሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይመለከታችኋል። ግጥሙ፣ ዜማውና የተቀዳው ድምፅ የተለያዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው ይችላል። ዘፈኑን ራሳችሁ መልሳችሁ ብትዘፍኑት እንኳ የግጥምና የዜማ ባለቤቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። በጽሑፍ ተቀበሉ። ይህ ከከበዳችሁ የጓደኛችሁን አዲስ ዘፈን ያዙ፤ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ አዲስ ዘፈን በድሮ መልክ መሥራት ምንም ችግር የለውም።

ደረጃ 3፦ ዘፈኑን ወረቀት ላይ ዘርዝሩ

አራት ዓምድ አስምሩ፦ ደቂቃና ሰከንድ፣ የዘፈኑ ክፍል፣ የሚታየው፣ ቦታው። ዘፈኑን እያስቆማችሁ መግቢያው፣ እያንዳንዱ ቤት፣ አዝማቹና የሙዚቃ መሸጋገሪያው የሚጀምርበትን ሰከንድ ጻፉ። ከዚያ ሦስት ዓይነት ቀረጻ መድቡ።

1. ሙሉ ዘፈን። ዘፋኙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጥ ይዘፍናል። ሁለት ቦታ ይበቃል፤ በየቦታው አንድ ሰፊ ሾት፣ አንድ ከደረት በላይ።
2. ውዝዋዜ። አዝማቹና መሸጋገሪያው ብቻ።
3. መሙያ። ጣቶች ክራር ላይ፣ ካሴት ቴፕ ውስጥ ሲገባ፣ ጫማ ምት ሲመታ፣ የቡና ቅርንጫፍ በነፋስ። እያንዳንዱ 10 ሰከንድ፣ ቢያንስ 15 ቁራጭ። ተማሪዎች የሚንቁት ይህንን ነው፤ ኤዲት ላይ ዘፋኙ የሳተውን ስንኝ የሚሸፍንላችሁ ግን እሱ ብቻ ነው።

ጊዜውን አስሉ። 4 ደቂቃ የሆነ ዘፈን ለአንድ ሾት ሦስት ጊዜ ሲቀረጽ 12 ደቂቃ ነው፤ ካሜራ ማዞሩ፣ ልብስ ማስተካከሉና ሰው ማስጠበቁ ሲታከልበት ለአንድ ሾት አንድ ሰዓት ያዙ። አራት የሙሉ ዘፈን ሾት ማለት በመልካም ብርሃን ሁለት ጠዋት ነው። በአንድ ቀን ጨርሳለሁ ያለ ቡድን በስድስት ሰዓት ፀሐይ ይቀርጻል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ጥላ ውስጥ ይጠፋል።

ኤዲት ተደርጎ ባለቀ የድሮ ክሊፕ ላይ አንድ ሾት (በሁለት ቁርጥ መካከል የሚታየው ምስል) ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ይቆያል። ለ4 ደቂቃ ዘፈን 40 ያህል ሾት ይበቃችኋል። ዝርዝራችሁ 100 ከደረሰ የዛሬ ክሊፕ እያቀዳችሁ ነው።

ደረጃ 4፦ ቦታ

*መሀል ከተማና ፈረንጅ አራዳ።* ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ ሕንፃዎች ግድግዳና በረንዳ ለሁለቱም ዘመን ይሆናሉ። እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ሱቆች ሳይከፈቱ ቅረጹ።

*ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት።* ቀድማችሁ ሂዱና ፈቃድ ጠይቁ፤ በቀረጻው ቀን መሣሪያ ተሸክሞ ደርሶ መለመን አይሠራም። በእንጨት ሥራው ላይ ምስማር፣ ፕላስተር፣ ጭስ የሚባል ነገር አይነካም፤ በረንዳው ላይም ተወዛዋዥ አታዘልሉ።

*ቦዬ ረግረግ።* ለ1980ዎቹ ሜዳ ጥሩ ነው። ጉማሬ ስላለበት ከውሃው ዳር ራቁ፤ ወደ ማታ ሳይደርስም ሥራችሁን ጨርሱ።

*የትምህርት ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ ግቢ።* ቀኑ፣ ሰዓቱና የሰው ብዛት የተጻፈበት የድጋፍ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍላችሁ ያዙ፤ አንድ ቅጂ ለጥበቃ ስጡ።

ቦታ ስታዩ ስልኩን አግድም ያዙና የምስሉን አራት ማዕዘን በዝግታ ቃኙ። መውጣት ያለባቸው፦ ባጃጅ፣ የዲሽ ሰሐን፣ የባንክና የቴሌኮም ማስታወቂያ፣ የስልክ ማማ፣ የሶላር መንገድ መብራት፣ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ። የማይነሳ ነገር ካለ ካሜራውን ዝቅ አድርጋችሁ በአበባ ወይም በቅርንጫፍ ከልሉት። ኤዲት ላይ አጠፋዋለሁ አትበሉ።

ወሩን በተመለከተ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይመረጣል። በሌላው ወቅት ጠዋት ቅረጹ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል ብላችሁ ያዙ፣ ቤት ውስጥ የሚቀረጽ አንድ ትዕይንትም አዘጋጁ። ዝናብ በመጣል አያበቃም፤ ቀዩ ጭቃ ነጭ ጫማና ቤልቦተም ጫፍ ላይ ከተያዘ ያ ቀን አለቀ። ተወዛዋዦች በቦት መጥተው ቦታው ላይ ይቀይሩ፤ እርጥብ ጨርቅና ማዳበሪያ ከረጢት ይዘርጋላቸው።

ደረጃ 5፦ ልብስና ዕቃ

ልባሽ ተራ ውስጥ ሰፊ ኮሌታ ሸሚዝና ኮት ይገኛል። ቤልቦተም ካጣችሁ ተራ ሱሪ ለልብስ ሰፊ ስጡ፤ ከጉልበት በታች በጎን ስፌቱ ተተርትሮ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ይገባበታል። ሁሉንም ልብስ በስልክ ቅረጹና ከቀረጻው በፊት እዩ፤ ቀጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ምስሉ ላይ ይርገበገባል፣ የድርጅት ምልክትም ዘመኑን ያጋልጣል። ለጥቁርና ነጭ ደግሞ ቀለሙን አጥፍታችሁ እዩ፦ ቀይ ቀሚስና አረንጓዴ መጋረጃ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊዋሃዱ ይችላሉ።

የፕላስቲክ ወንበር ይቅር። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ ለየትኛውም ዘመን ይሄዳል። ወዝ የሚያደርቅ ፓውደርና መሀረብ አትርሱ።

ደረጃ 6፦ ስልኩን አስተካክሉ

የስልኩ የራሱ ካሜራ ሁሉን በራሱ ይቀያይራል። ኦፕን ካሜራ ወይም ብላክማጂክ ካሜራ ጫኑ፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። ከዚያ፦

1. ጥራት 1080፣ ፍሬም (የሚነሳው ምስል ብዛት) በሰከንድ 25። ስልካችሁ 25 ከሌለው ሁሉንም በ30 ቅረጹ። ሁለቱን አትቀላቅሉ።
2. ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ከእሱ ጋር በማይሄድ ፍጥነት አምፖል ስር ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። በ30 ፍሬም ብትቀርጹም ሻተሩ 1/50 ይሁን።
3. አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) የሚቻለውን ያህል ዝቅ።
4. የቀለም ሚዛን ይቆለፍ፦ ለቀን 5600፣ ለቢጫ አምፖል 3200።
5. ኤችዲአር (ስልኩ ብሩሁንና ጨለማውን በራሱ የሚያመጣጥንበት) ይጥፋ። ካልጠፋ ኤዲት ላይ ቀለሙ ይገረጣል ወይም ያብረቀርቃል።
6. ፎከስና ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን) ዘፋኙ ፊት ላይ ይቆለፍ። ነጭ ግድግዳ ወይም ነጭ የባህል ልብስ ካለ ስልኩ ተታሎ ፊትን ያጨልማል፤ ስለዚህ ብርሃኑን ከዘፋኙ ፊት ላይ ለኩ፣ ልብሱንም ጥላ ውስጥ አስገቡት።

*በ1/50 ምስሉ በጣም ከነጣ፦* የአብዛኛው ስልክ ሌንስ ቀዳዳ አይጠብም። ወደ ጥላ ግቡ፣ ወይም ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 ሰዓት ጀምሮ ቅረጹ። ሻተሩን ማፍጠን ይቻላል፤ ግን እንቅስቃሴው የተቆራረጠና የዛሬ ይመስላል።

*አራት በሦስት ፍሬም።* የድሮ ቲቪ ምስል ስፋቱ 4 ቁመቱ 3 ነው። ከ1920 በ1080 ምስል ውስጥ 1440 በ1080 ትጠቀማላችሁ፤ ከግራ አንድ ስምንተኛ፣ ከቀኝ አንድ ስምንተኛ ይቆረጣል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል ስፋት በማስመሪያ ለኩ፤ 12 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከየጎኑ 1.5 ላይ ቀጭን ፕላስተር ለጥፉ። ይህን ያልለጠፈ ቡድን ዳር ያሉትን ተወዛዋዦች ኤዲት ላይ ያጣቸዋል።

*ዙም።* ስልክ እየቀረጸ ሲጠጋ ይንቀጠቀጣል። ዙም የሚያስፈልጋቸውን ሾቶች በ4ኬ (ከ1080 በሚበልጥ ጥራት) ቅረጹና ኤዲት ላይ ከ6 እስከ 8 ሰከንድ በሚፈጅ እርጋታ አስጠጉ። 4ኬ በደቂቃ እስከ 400 ሜጋባይት ሊወስድ ስለሚችል ቦታ አስለቅቁ።

*ለስላሳ ብርሃን።* ጥቁር ስቶኪንግ ሳትደርቡ ሌንሱ ላይ ወጥራችሁ በላስቲክ እሰሩ። ብርሃን ዳር ዳሩን ይፈካል። ቫዝሊን ሌንስ ላይ አትቀቡ።

ደረጃ 7፦ ፕሌይባክ

ፕሌይባክ ማለት ዘፋኙ አብሮት እንዲዘፍን ዘፈኑን በስፒከር ማጫወት ነው። ከንፈር የሚወድቀው እዚህ ነው።

1. የመጨረሻውን ሚክስ ወስዳችሁ ከፊቱ 5 ሰከንድ ጸጥታና በዘፈኑ ምት አራት «ጢቅ» ጨምሩ። ዘፋኙ መግቢያውን በግምት አይጀምርም።
2. ፋይሉን አንድ ስልክ ላይ ጫኑ፤ ያ ስልክ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን። ከኢንተርኔት እየጫናችሁ አታጫውቱ፤ አንዴ ከተንጠለጠለ ቴኩ (ያ አንድ ዙር ቀረጻ) ሞተ።
3. ስፒከሩን ከፍሬም ውጪ፣ ከዘፋኙ በ3 ሜትር ውስጥ አስቀምጡ።
4. ዘፋኙ ድምፅ አውጥቶ ይዝፈን። ከንፈር ብቻ ያንቀሳቀሰ ሰው ጉሮሮው አይሠራም፣ ትንፋሹ አይታይም፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ውሸት መሆኑን ያያል።

ሩቅ ሾት ላይ ጥንቃቄ ጨምሩ። ድምፅ 34 ሜትር ለመጓዝ 0.1 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህ በ25 ፍሬም ሁለት ፍሬም ተኩል ነው። ተወዛዋዦች ሜዳው ማዶ ከሆኑ ስፒከሩ እነሱ ጋ ይሁን፤ ኤዲት ላይ ስታገጣጥሙም ካሜራው የሰማውን ድምፅ ትታችሁ እነሱ አጠገብ የተጨበጨበውን እጅ በዓይን ተከተሉ።

ደረጃ 8፦ የቀረጻው ቅደም ተከተል

አምስት ሰው በቂ ነው፦ ዳይሬክተር፣ ካሜራ፣ ፕሌይባክ፣ ልብስና ፊት፣ መንገደኛ የሚያነጋግር። የመጨረሻውን ሰው አትቀንሱ። ጅማ ውስጥ ስፒከር ከተከፈተ ልጆች መሰብሰባቸው አይቀርም፤ እልህ ሳይሆን ጨዋ ቃል ነው የሚሠራው። «እናቴ፣ አራት ደቂቃ ብቻ ይታገሡን» ቢባሉ የማይታገሡ ጥቂት ናቸው። ፊቱ በግልጽ የሚታይን ሰው ፈቃድ ጠይቁ።

ለእያንዳንዱ ቴክ ይህን ቅደም ተከተል ጠብቁ፦

1. ካሜራው መቆሚያ ላይ ይቆለፍ፤ የስልኩ ሌንስ በጨርቅ ይጠረግ።
2. ልብስ የያዘው ሰው ኮሌታ፣ ሰዓት፣ ኪስ ያለ ስልክ ይፈትሽ።
3. ካሜራ ይጀምር። የሾቱና የቴኩ ቁጥር በወረቀት ለካሜራው ይታይ።
4. ፕሌይባክ ይጀመር፤ በአራተኛው «ጢቅ» ላይ አንድ ሰው ፍሬም ውስጥ ያጨብጭብና ይውጣ።
5. ዘፋኙ ቢሳሳትም አታስቁሙ፤ እስከ መጨረሻው ይሂድ። ሌላው ስንኝ ደኅና ሊሆን ይችላል።
6. ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ካሜራው 5 ሰከንድ ይጠብቅ። በቀስታ ለሚጠፋው ምስል ያስፈልጋችኋል።

መጀመሪያ ሰፊውን፣ ከዚያ ቅርቡን ቅረጹ፤ ዘፋኙ ሲላመድ ፊቱ ይከፈታል። ውዝዋዜ ከዚያ፣ መሙያ በመጨረሻ። ከቦታው ሳትነሱ ፋይሉን ሁለት የተለያዩ ፍላሾች ላይ ገልብጡ፤ ሁለቱ ፍላሾች በሁለት ሰው ኪስ ይሂዱ። ባትሪና ፓወር ባንክ ከዋዜማው በፊት ባለው ሌሊት ይሞሉ፤ መብራት በዋዜማው ማታ ሊጠፋ ይችላል።

ደረጃ 9፦ ኤዲት

ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ነው፤ ጠንካራ ኮምፒውተር ግን ይፈልጋል። ካፕካትም ይሆናል። ፋይል ከማስገባታችሁ በፊት የፕሮጀክቱን ፍሬም 25 (በ30 ከቀረጻችሁ 30) አድርጉ፤ ሪዞልቭ ውስጥ አንዴ ከገባ በኋላ አይቀየርም።

1. የመጨረሻውን ሚክስ ታች አስቀምጡና ቆልፉ።
2. እያንዳንዱን ቴክ በጭብጨባው አገጣጥሙ፤ ሁሉም አንዱ በአንዱ ላይ ይደርደሩ።
3. ልክነቱን የሚያሳዩት ከንፈር የሚገጥምባቸው ድምፆች ናቸው። «መ» ወይም «በ» ያለበት ቃል ላይ ቁሙና ፍሬም በፍሬም ሂዱ፤ ከንፈሩ የገጠመበት ፍሬምና ድምፁ አንድ ቦታ መሆን አለባቸው።
4. ከዚያ በኋላ ብቻ ቁረጡ።

*ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ከተዛባ* ቴኩን አንድ ሁለት ፍሬም ግፉት። *መጀመሪያ ልክ ሆኖ እየቆየ ከራቀ* ስልኩ ፍሬሙን እየቀያየረ ቀርጿል ማለት ነው፤ ፋይሉን ሃንድብሬክ በሚባል ፕሮግራም ቋሚ ፍሬም አድርጋችሁ መልሱ፣ ካልሆነም በየስንኙ እየቆረጣችሁ አገጣጥሙ። *አንድ ስንኝ ላይ ብቻ ከሳተ* የዘፋኙ ስሕተት ነው፤ መሙያ ሸፍኑበት።

ለ1980ዎቹ መልክ ከሾት ወደ ሾት በ1 ወይም 2 ሰከንድ ድብልቅ (አንዱ ምስል እየጠፋ ሌላው እየመጣ) እለፉ። ፊት የምትደርቡ ከሆነ ዘፋኙ ከፍሬሙ አንድ ጎን ሆኖ ጥቁር ጨርቅ ፊት የተቀረጸውን ተጠቀሙ፤ ከ40 እስከ 50 በመቶ ግልጽነት ይበቃል። ለ1960ዎቹ ድብልቁን ቀንሱ። በሁለቱም መፍጠን፣ መንቀጥቀጥና ብልጭታ አይግቡ።

ደረጃ 10፦ ፊልተር ትታችሁ እውነተኛ ቲቪ ተጠቀሙ

አሮጌ፣ ጀርባው ወፍራም ቲቪ በየቤቱ ጥግ አለ። ከየትኛውም ፊልተር የሚበልጠው እሱ ነው።

1. ክሊፑን 768 በ576 አውጡ። መጀመሪያና መጨረሻው ላይ አንድ ነጭ ፍሬም አስገቡ።
2. ፍላሽ የሚያነብ ሪሲቨር ወይም ዲቪዲ ማጫወቻ በሦስቱ ገመዶች ከቲቪው ጋር አገናኙ፤ ቢጫው ምስል ነው። ማስተካከያው ላይ ፓል (PAL የሚለውን የቲቪ ሥርዓት) እና 4:3 ምረጡ። ሪሲቨሩ ፋይሉን ካላነበበ በኤምፒ ፎር፣ ኤች 264 አውጥታችሁ ሞክሩ።
3. ቲቪው 15 ደቂቃ ይሙቅ፤ ክፍሉን አጨልሙ፤ የቲቪውን ብርሃን ነጭ እስከማይፈስ ድረስ ቀንሱ።
4. ስልኩን 2 ሜትር ያህል ርቆ፣ ከስክሪኑ መሀል ቁመት እኩል አቁሙ። 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50። ጥቁር ጥላ ወደ ላይ ወደ ታች ከሄደ ወደ 1/25 አውርዱ።
5. የቀስተ ደመና መስመሮች ከታዩ ስልኩን ትንሽ አርቁ ወይም ፎከሱን በጥቂቱ ልቀቁ።
6. ድምፁን ከቲቪው አትውሰዱ። በነጮቹ ፍሬሞች ልክ የመጀመሪያውን ሚክስ መልሱ።

የቲቪውን ጀርባ በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ ከሶኬት ተነቅሎም የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል።

ቲቪ ካጣችሁ የምስሉን ስለት (ሻርፕነስ) ቀንሱ፣ የቀለሙን ጥግብነት (ሳቹሬሽን) በጥቂቱ አውርዱ፣ ጥቁሩን ትንሽ ወደ ግራጫ አቅርቡት። የካሴት ግርፋት መጀመሪያ ላይ አንዴ ብቻ ይታይ።

ደረጃ 11፦ ጽሑፍና ማውጣት

የዘፈኑን ርዕስ በኮምፒውተር ፊደል አትጻፉ። ጥቁር ካርቶን ላይ በነጭ ቀለምና በብሩሽ ጻፉ፣ ቅረጹት፣ ከዚያ ኤዲት ላይ «ስክሪን» በሚባለው የድርብ ዓይነት ደርቡ፤ ጥቁሩ ጠፍቶ ፊደሉ ይቀራል። ከየዳሩ 10 በመቶ ባዶ ተዉ፤ የድሮ ቲቪ ዳሩን ይቆርጣል።

የመጨረሻውን 1440 በ1080፣ በፕሮጀክቱ ፍሬም (25 ወይም 30)፣ ቢያንስ 15 ሜጋቢት በሰከንድ አውጡ። ወደ 16:9 አትለጥጡት፤ ፊት ይወፍራል። ዩቲዩብ ላይ መጀመሪያ ሊንኩ ላለው ብቻ በሚታይ አድርጋችሁ ጫኑ፣ የቅጂ መብት ምርመራው እስኪያልቅ ጠብቁ፣ በሌላ ሰው ስልክ ሙሉውን እዩ። መግለጫው ውስጥ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ድምፅ፣ ቀረጻ፣ ኤዲት፣ ተወዛዋዦችና ቦታ የፈቀዱላችሁን በስም ጻፉ፤ ከዚያ ለሁሉም ክፈቱት።